መድኃኒቱ እዚሁ ይሰጠው ወይስ አምቡላንስ ላይ ይውጣ? የዴንማርኩ የዳናሚ 2 ጉዳይ

ጥያቄው አጭር ነው። ሰውየው ደረቱን ይዞ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ደርሷል። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ምርመራ) ተነስቶ ልብን ከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ታውቋል። ሐኪሙ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ አለው። አሁኑኑ ሊሰጠው ይችላል። ቧንቧውን በቀጭን ሽቦና በፊኛ የሚከፍቱት ባለሙያዎች ግን ያሉት ሌላ ከተማ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ እዚሁ ይሰጠው ወይስ አምቡላንስ ላይ ይውጣ?

ይህን ጥያቄ አንድ አገር ሆስፒታሎቹን አሰልፎ ለመመለስ የሞከረበት አጋጣሚ አለ። አገሩ ዴንማርክ ነው፤ ጥናቱ ዳናሚ 2 ይባላል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንድ መስመር ነው፦ ፊኛው መድኃኒቱን አሸነፈ። ውሸት አይደለም። ቁጥሮቹን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን ያሸነፈው ፊኛው ብቻ አይደለም። መንገዱ፣ ስልኩ፣ በእኩለ ሌሊት ከቤቷ ተጠርታ የምትመጣው ነርስ ሁሉ ድርሻ አላቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። ዛሬ ላይ ቆሞ እሱን ማጣጣል ቀላል ነው፤ በጊዜው ግን ተአምር ነበር። በ1986 የወጣው የጣሊያኖቹ ጂሲ ጥናት ከ11,000 በላይ ታካሚዎችን ይዞ፣ ስትሬፕቶካይኔዝ የተባለው ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች የሦስት ሳምንት ሞት ከ13 ወደ 10.7 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ አይሲስ 2 የተባለው ጥናት 17,187 ሰዎችን ይዞ መጣ። አስፕሪንና ስትሬፕቶካይኔዝ አንድ ላይ ሲሰጡ በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚሞተው ሰው ከ13.2 ወደ 8 በመቶ ወረደ። አስፕሪን፣ ያቺ ሳንቲም የምታወጣ ክኒን፣ ብቻዋን እንኳ ሕይወት ታተርፍ ነበር።

መድኃኒቱ ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ ሁልጊዜ አይሠራም። በጊዜው ምርጥ የነበረው አልቴፕሌዝ እንኳ በ90 ደቂቃ ውስጥ ደሙን እንደ ጤነኛ ሰው እንዲፈስ የሚያደርገው ከታካሚዎቹ ከግማሽ ትንሽ በሚበልጡት ላይ ነበር። ሁለተኛ፣ የረጋ ደም ሲያሟሟ የቱን እንደሚያሟሟ አይመርጥም። ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ጭንቅላቱ ውስጥ ይደማል። ይኼ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገድል ወይም ሽባ አድርጎ የሚያስቀር ነው።

ፊኛው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ቧንቧውን በመክፈት በኩል የተሻለ መሆኑ ቶሎ ታየ። ነገር ግን እነዚያ ጥናቶች የተሠሩት ካት ላብ (የልብ ቧንቧ በፊኛ የሚከፈትበት ክፍል) ባላቸው፣ እጃቸው በተፍታታ ሆስፒታሎች ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚታመመው እዚያ ሆስፒታል በር ላይ አይደለም።

ዴንማርክ ውስጥ የሆነው

ዴንማርክ ያኔ 5.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት። ስፋቷ 43,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ተራራ የለም፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ 171 ሜትር አይሞላም። ለአዲስ አበባ ሰው ይኼ ሜዳ ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፣ አምቡላንሱ ይመጣል፣ ሕክምናው ከታካሚው ኪስ አይወጣም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ጥናቱ ታካሚ መቀበል የጀመረው በ1997 መጨረሻ ነው። 24 ካት ላብ የሌላቸው ሆስፒታሎችና 5 ካት ላብ ያላቸው ማዕከላት ገቡበት። በእነዚህ ሥር የሚኖረው ሕዝብ ከአገሪቱ 62 በመቶ ያህሉ ነበር። ሥራውን ከመሩት አንዱ በኦርሁስ ከተማ በስኬይቢ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሄኒንግ ሩድ አንደርሰን ነው። ሰውየው በሌላ ነገርም ይታወቃል፤ ደረት ሳይከፈት በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ የሚገባውን የልብ ቫልቭ በ1989 አሳማ ላይ የሞከረ እሱ ነው። በቧንቧ ውስጥ መግባት የለመደ እጅ ነበረው ማለት ነው።

አንድ ታካሚ ወደ ትንሹ ሆስፒታል ሲመጣ ምን ይሆን ነበር? ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 30 ደቂቃ የሆነውና 12 ሰዓት ያላለፈው መሆን አለበት። ኢሲጂው ላይ ኤስቲ የሚባለው መስመር በደንብ ከፍ ማለት አለበት። ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል።

ዕጣው መድኃኒት ከሆነ እዚያው ተኝቶ አልቴፕሌዝ ይጀመርለታል። መጀመሪያ 15 ሚሊ ግራም በአንዴ፣ ቀሪው በ90 ደቂቃ ውስጥ እየተንጠባጠበ፣ በድምሩ እስከ 100 ሚሊ ግራም። ዕጣው ፊኛ ከሆነ አምቡላንስ ይጠራል። ሐኪም አብሮት ይገባል። ልብ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ መሣሪያ አጠገቡ ይሆናል። ማዕከሉ ሲደርስ አልጋ እስኪያዝ ዋርድ ውስጥ አይቆይም፤ ወደ ካት ላብ ይገፋል። በብሽሽት በኩል ካቴተር ይገባል፣ ሽቦው የተዘጋውን ቦታ ያልፋል፣ ፊኛው ይነፋል፣ አብዛኞቹ ላይ ስቴንት (ቧንቧው እንዳይዘጋ የሚደግፍ የሽቦ መረብ) ይቀመጣል።

የሚያስፈራው መንገዱ ነበር። ልቡ በደም እጥረት እየተሰቃየ ያለ ሰው መኪና ላይ ጭነህ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ መሐል ላይ ልቡ ቢቆምስ? ይህ ፍርሃት ባዶ አልነበረም። በጉዞ ላይ የስምንት ታካሚዎች ልብ ከሥርዓት ወጥቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለ ኤሌክትሪክ ምት ሰው ከዚህ አይነሳም። አንድም ሰው ግን መንገድ ላይ አልሞተም። ሐኪሙም መሣሪያውም እዚያው ነበሩ።

የጉዞው ርቀት ከ3 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ነበር። መሐከለኛው 50 ኪሎ ሜትር። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ማለት ነው። ረጅሙ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ትንሽ አለፍ ይላል።

በ2001 ውጤቱን በየጊዜው እያየ የሚከታተለው የደኅንነት ኮሚቴ ጥናቱ እንዲቆም አደረገ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ሌሎች ሰዎችን በዕጣ መመደብ አስፈላጊ አልሆነም። ዝርዝሩ በ2003 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በጠቅላላው 1,572 ሰዎች ገቡ። ከነዚህ 1,129ኙ ከትንንሾቹ ሆስፒታሎች ናቸው። የተለካው ነገር በ30 ቀን ውስጥ መሞት፣ ሁለተኛ የልብ ጥቃት ወይም አካለ ጉዳተኛ የሚያደርግ ስትሮክ ነበር። ሦስቱ ተደምረው።

ከትንንሽ ሆስፒታሎች ወደ ማዕከል ከተላኩት 8.5 በመቶው ላይ ከእነዚህ አንዱ ደረሰ። እዚያው መድኃኒት ከተሰጣቸው ግን 14.2 በመቶው ላይ። ከመጀመሪያውም ማዕከል ከገቡት መሐል 6.7 በመቶ ለ12.3 በመቶ። ልዩነቱ በሁለቱም ቦታ ተቀራራቢ ነው። 50 ኪሎ ሜትር መጓዙ የፊኛውን ጥቅም አልበላውም። ለሐኪሞቹ ትልቁ ዜና ይህ ነበር።

አሁን ድምሩን እንፍታው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው። በመላው ጥናት ሞት ብቻውን ሲታይ ከፊኛው ወገን 6.6፣ ከመድኃኒቱ ወገን 7.8 በመቶ ነው። ይህ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ስትሮክ 1.1 ለ2.0፤ እሱም ያው። ትልቁ ክፍተት ያለው ሁለተኛው የልብ ጥቃት ላይ ነው፤ 1.6 ለ6.3 በመቶ። ስለዚህ ፊኛው በ30 ቀን ውስጥ በእርግጠኝነት ያደረገው የተከፈተው ቧንቧ ተመልሶ እንዳይዘጋ መከላከል ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን «ሞትን በግማሽ ቀነሰ» ብሎ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀቱን በደንብ አላነበበም።

ሌላም አለ። መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች እጅ ታስሮባቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። መድኃኒቱ ካልሠራ ምን ይደረግ? በጥናቱ ደንብ መሠረት የሚመከረው መድኃኒቱን መድገም ነበር እንጂ ቶሎ ወደ ፊኛ መላክ አልነበረም። በዚህ መንገድ ወደ ካት ላብ የተወሰዱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ዛሬ እንደዚያ የሚያደርግ የለም። ስለዚህ ዳናሚ 2 ያወዳደረው ፊኛን ከመድኃኒት ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ፊኛን መድኃኒት ሰጥቶ ከመጠበቅ ጋር ነው። ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደግሞም ከታዩት 4,278 ታካሚዎች ዕጣ የወጣላቸው 37 በመቶው ብቻ ናቸው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ እኔ በዴንማርክ ሐኪም ቦታ ብሆን ምርጫዬ አምቡላንሱ ነው። ለምን? ታካሚዎቹ ለ16 ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ በተለያየ ምክንያት አልፈዋል፤ ዕድሜም አለና። በልብ ምክንያት የሞቱት ግን ከፊኛው ወገን 18.3፣ ከመድኃኒቱ ወገን 22.7 በመቶ ናቸው። በመጀመሪያው ወር ጎልቶ ያልታየው በዓመታት ውስጥ ወጣ።

ጊዜው የት ገባ?

ለኔ ከጥናቱ ሁሉ የሚጥመው ክፍል ይህ ነው። ከትንሹ ሆስፒታል የተላከው ታካሚ ጊዜው እንዴት እንዳለፈ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ሆስፒታል ውስጥ 50 ደቂቃ ገደማ። መንገድ ላይ 32 ደቂቃ ገደማ። ማዕከሉ ከደረሰ በኋላ ፊኛው እስኪነፋ 26 ደቂቃ ገደማ።

አያችሁ? ሁሉም የፈራው መንገዱን ነው። ብዙው ጊዜ የጠፋው ግን ሕንፃ ውስጥ ነው። መመዝገብ፣ ኢሲጂ ማንሳት፣ ማስረዳት፣ ማስፈረም፣ ስልክ መደወል፣ አምቡላንስ መጠበቅ። ማዕከሉ ያጠፋው የዚያን ግማሽ ነው። ታካሚው እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሰዎቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

እንደዚያም ሆኖ ከተላኩት ሰዎች 96 በመቶው ማዕከል የደረሱት በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ሕመሙ ከጀመረ ሕክምናው እስኪጀመር መድኃኒቱ በ169 ደቂቃ፣ ፊኛው በ224 ደቂቃ ነበር። ፊኛው 55 ደቂቃ ዘግይቶም አሸነፈ። ጥያቄው እንግዲህ ስንት ደቂቃ ቢዘገይ ነው የሚሸነፈው የሚል ይሆናል።

በዚያው ዓመት የታተመው የቼኮች ፕራግ 2 ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። 850 ሰዎች ነበሩበት። ሕመማቸው በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ የደረሱት ላይ መድኃኒቱም ፊኛውም እኩል ሆኑ፤ ሞት 7.4 ለ7.3 በመቶ። ከሦስት ሰዓት በኋላ የመጡት ላይ ግን መድኃኒት ከተሰጣቸው 15.3፣ ለፊኛ ከተላኩት 6 በመቶ ሞቱ። ደሙ ትኩስ እያለ መድኃኒቱ ያሟሟዋል። ሲቆይ ይጠነክራል፤ ያኔ ሽቦ ያስፈልጋል።

ዴንማርኮቹ ውጤቱን ካዩ በኋላ ያደረጉትን እወድላቸዋለሁ። በ2003 ፊኛውን የአገሪቱ መደበኛ ሕክምና አደረጉት። ከዚያ ወደ 50 ደቂቃዋ ተመለሱ። አምቡላንሱ ታካሚው ቤት ሲደርስ ኢሲጂ ያነሳል፤ ወደ ማዕከሉ ይልካል፤ የልብ ሐኪሙ አይቶ በስልክ ይወስናል። ቧንቧው ተዘግቶ ከሆነ አምቡላንሱ ትንሹን ሆስፒታል አልፎት ይሄዳል። ድንገተኛ ክፍልም አይገባም። በቀጥታ ካት ላብ።

ይህ ዋጋ እንዳለው በቁጥር ታይቷል። በምዕራብ ዴንማርክ ከ2002 እስከ 2008 በፊኛ የታከሙ 6,209 ሰዎች ተጠኑ። አምቡላንስ ከተጠራበት ሰዓት ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ የታከሙት የረጅም ጊዜ ሞት 15.4 በመቶ ነበር። እስከ ሁለት ሰዓት ለቆዩት 23.3። እስከ ሦስት ሰዓት 28.1። ከዚያ በላይ ለቆዩት 30.8። መሣሪያው አንድ፣ የሐኪሞቹ ሥልጠና አንድ፤ የሚለያየው ሰዓቱ ነው።

ሜዳ ላልሆነ አገር

ስለዚህ ነው ቅድም ስለ ሜዳው ያወራሁት። ካት ላብ ያላቸው ጥቂት ተቋማት በአብዛኛው አዲስ አበባ በሆኑበት አገር «ፊኛው ይሻላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደሴ ላለ ሐኪም ምን ይጠቅመዋል? 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሐል ላይ ጣርማ በር አለ። የዴንማርኮቹ ሁለት ሰዓት ገና ሸዋ ሮቢት ሳይደረስ ያልቃል።

ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚቀርበው ጥናት ዳናሚ 2 ሳይሆን በ2013 የወጣው ስትሪም ነው። 1,892 ሰዎች፣ ሁሉም ሕመማቸው ከጀመረ ሦስት ሰዓት ያልሞላ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በፊኛ መታከም የማይችሉ። ግማሾቹ ቴኔክቴፕሌዝ የተባለው ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ወዲያው ተሰጣቸው፤ አምቡላንስ ውስጥም ቢሆን። ከዚያ ወደ ማዕከል ተላኩ። ግማሾቹ በቀጥታ ለፊኛ ሄዱ። በ30 ቀን ሞት፣ ሾክ (ልብ ደም መርጨት አቅቶት ግፊት መውደቅ)፣ የልብ ድካምና ድጋሚ ጥቃት ተደምረው በመድኃኒቱ ወገን 12.4፣ በፊኛው ወገን 14.3 በመቶ ሆኑ፤ በስታቲስቲክስ ዓይን እኩል ማለት ነው። ጭንቅላት ውስጥ መድማት በመድኃኒቱ ወገን በዛ፤ 1 ለ0.2 በመቶ። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት መጠኑ በግማሽ ሲቀነስ ይህ ልዩነት ጠበበ።

እዚህ ጋ መድኃኒቱና ፊኛው ተቀናቃኝ መሆናቸው ቀርቷል። መድኃኒቱ መንገዱን ያሳጥራል፣ ፊኛው ሥራውን ይጨርሳል። እውነቱን ለመናገር ለኛ ሁኔታ ይኼኛው ሐሳብ ይበልጥ በልክ የተሰፋ ይመስለኛል። እንቅፋቶቹ ሌላ ናቸው፦ መድኃኒቱ ውድ ነው፣ በየሆስፒታሉ አይገኝም፣ ኢሲጂውን ቶሎ አንብቦ የሚወስን ሰው በየፈረቃው ላይኖር ይችላል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ጨጓራ አለ። ደረቱ መሐል ተጭኖት፣ ላብ አጥምቆት፣ ግራ እጁ ዝሎ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ ኦሜፕራዞል ውጦ የሚተኛ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አይሲስ 2ም ዳናሚም ሊደርሱለት አይችሉም። ፈረንጅ አገር ያለው ወገናችንም የራሱ ልማድ አለው። አባት ሲታመሙ ልጅ መኪና ያስነሳል፤ «አምቡላንስ እስኪመጣ እኔ አደርሳቸዋለሁ» ይላል። የልጁ መኪና ኢሲጂ የለውም። ልብ ከሥርዓት ቢወጣ የሚመታበት መሣሪያ የለውም። የሚያደርሳቸውም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ነው፤ ካት ላብ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ያቺን 50 ደቂቃ ራሱ መልሶ ያመጣታል። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 መደወል ከዚህ ይሻላል።

ዛሬ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የሚለው እንዲህ ነው። ኢሲጂው ከተነበበ ጀምሮ በ120 ደቂቃ ውስጥ ቧንቧውን በፊኛ መክፈት ከተቻለ ታካሚው ይላክ። ካልተቻለና ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ መድኃኒቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጀመር። ከዚህ በፊት የደረሰ የጭንቅላት መድማት፣ የቅርብ ጊዜ ስትሮክ ወይም ትልቅ ቀዶ ጥገና ከሚከለክሉት መሐል ናቸው። መድኃኒቱ እንደተሰጠም እሱን ብሎ መቀመጥ የለም፤ ታካሚው ወዲያው ወደ ማዕከል ጉዞ ይጀምራል። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂ ይደገማል። ከፍ ብሎ የነበረው የኤስቲ መስመር ቢያንስ በግማሽ ከወረደ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ቧንቧው ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል። ካልወረደ መጠበቅ የለም፤ በደረሰበት ሰዓት ካት ላብ ይገባል። ለዚህም ነው አምቡላንሱ የኢሲጂውን ውጤት ሳይጠብቅ ቀድሞ መንገድ ላይ መሆን ያለበት።